የጋሽ ደምሴን እንቅልፍ ማን ይጠይቅ?

ወገዳ ገበያ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እያነሰ ነው። «አውሮፕላን አስቋሚው» ነው የሚሉኝ። የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሲያዩኝ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ «ጋሽ አዱኛው፣ ሌሊቱን ጥሩ ተኝቻለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይሉኛል። «አንተ ተኝተህም መንዳት አትችልም» እልና አልፋለሁ።

ይህን እችለዋለሁ። የማልችለው የጎረቤቴን የወይዘሮ ጥሩወርቅን ዝምታ ነው። እኔ ያንን አውሮፕላን ባስቆምሁ ጊዜ ለስማዳ ሕዝብ የተጫነው እህል ንፋስ መውጫ ላይ ቀረ። በነጋታው ደመና ወርዶ ማረፊያውን ዘጋው። እህሉ እስኪደርስ የወይዘሮ ጥሩወርቅ እናት፣ ቀድሞም የደከሙ አሮጊት፣ ሳይቀምሱት ሞቱ። ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። ወይዘሮ ጥሩወርቅም አያውቁም። ለቅሶ ስደርስ ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ነው የሚመልሱት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነው፤ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸው ግን ጤና ጣቢያ የምትሠራ የተማረች ናት፤ ታንብብላቸው። ይቅርታ እየጠየቅሁ አይደለም። ለምን እንዳስቆምሁት ልናገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከሥራዬ መጀመሪያ መነሣት አለብኝ።

የተወለድሁት እዚሁ ስማዳ፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቴ ለበሬ እንጂ ለትምህርት የሚተርፍ ልጅ አልነበረውም። ወታደር ሆንሁ፤ እዚያም ጆንያ ተሸካሚ አደረጉኝ። ከወታደር ቤት ስወጣ የማውቀው መሸከም ብቻ ስለነበር እርዳታ እህል የሚያመላልስ ድርጅት ዘንድ ጫኝ ሆኜ ገባሁ። ደመወዙ ደመወዝ አይባልም። ኋላ ጉልበቴን አይተው ከጭነቱ ጋር አብሮ የሚበር ሰው አደረጉኝ። ሥራዬ እህሉን በመረብና በሰንሰለት ከወለሉ ጋር ማሰር ነው። ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ያልታሰረ ጆንያ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አንዱ ከተንሸራተተ ሌላው ይከተለዋል፤ ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ ወደ ሰማይ አይሄድም።

በረራችን ከንፋስ መውጫ አጠገብ ካለው ሜዳ ተነሥቶ ስማዳ ውስጥ በጠጠር በተደለደለች አጭር ማረፊያ መውረድ ነበር። በመሐል ያለው ገደል ለመኪና የማይመች ነው፤ መንገዱ ክረምት ሲገባ ጭራሽ ይቆረጣል። በአየር ግን መንገዷ አጭር ናት። ትነሣለህ፣ ገደሉን ትሻገራለህ፣ ትወርዳለህ፤ አራግፈህ ትመለሳለህ፤ እንደገና። ሰው የሚደክመው በረዥም መንገድ ይመስለዋል። የእኛን ሰዎች የጨረሰቻቸው ይህቺ አጭሯ ናት። ተመሳሳይ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ የሚደጋግም ሰው አሁን ያደረገውና ቅድም ያደረገው ይምታቱበታል።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የበረራ መካኒክ ነበሩ፤ ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ መሐል ላይ ተቀምጠው የሞተሩን ሙቀት፣ ዘይቱንና ነዳጁን ይጠብቃሉ። ከንፋስ መውጫ የማትርቀው የድጓ አገር፣ የቤተ ልሔም ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያ ድጓ ሲማሩ ቆይተው ነው ወደ ብረት የገቡት፤ ስለዚህ ሞተር ሲፈትሹ እንኳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዜማ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ጢሜ ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላ ከክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጬ በከሰል የተጻፈበት ጆንያ እያየሁ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» ስል ወዛደሮቹ «ዲያቆን አዱኛው» ብለው ሳቁብኝ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። «ሰንሰለት ስታስር የማትቸኩለውን ያህል እዚህም አትቸኩል» ነበር ያሉኝ።

ጠዋት «እንዴት አደርህ?» ሲሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ የለም። «እሱስ ይመስገን፤ አንተስ?» ይላሉ። ልጅ አልቅሶብህ እንደሆነ፣ ጠጅ ቤት አምሽተህ እንደሆነ፣ ትኋን አላስተኛህ እንደሆነ ይጠይቁሃል። መጀመሪያ ነገረኛ መስለውኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከእሳቸው በላይ ማዕረግ ያለውን ካፒቴን ፊቱን አይተው፣ «ትንሽ ጋደም ይበሉ፤ እኔ ሞተሩን እያየሁ እቆያለሁ» አሉት። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። ካፒቴኑም ገብቶት እያጉረመረመ ተኛ፤ ተነሥቶ ሲበር እጁ ቀሎት ነበር።

ሁለተኛው ልማዳቸው፣ እጅ ይቀድማል፣ አፍ ይከተላል የሚል ነበር። ሰንሰለቱን ሳትነካ «ታስሯል» ካልህ ቃልህን አይቀበሉም። «አሳየኝ» ይላሉ። ስትነካው እያዩ፣ ስትናገር እየሰሙ፣ ከዚያ ብቻ ያልፉሃል። ይህን በአብራሪዎቹም ላይ ያደርጉታል፣ በራሳቸውም ላይ። ነዳጅ ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ሲያዞሩ መጀመሪያ መቀየሪያውን ይጨብጣሉ፣ ያዞሩታል፣ እጃቸውን ሳያነሡ «ተቀይሯል» ይላሉ።

ደግሞ እንዲህ ይሉኝ ነበር። ሲነሣ ማንም አይተኛም፤ ፍርሃት ያነቃዋል። ሰውን እንቅልፍ የሚወስደው ሁሉ ነገር ሰላም ሲሆን ነው። ሞተሩ በአንድ ድምፅ ሲያጉረመርም፣ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጉልበት ሲያሞቅ፣ የሚሠራ ነገር ሲጠፋ። በዚያን ጊዜ ዓይን ተገልጦ ይቀራል፤ ጉንጭ ግን ይረግባል። ስትጠራው ይመልስልሃል። መልሱ ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን የለም።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው እንግዲህ።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ጎማ ተበላሽቶብን ንፋስ መውጫ አደርን። ቤተ ልሔም ቅርብ ነው፤ ጋሽ ደምሴ መኪና አግኝተው ለማኅሌት ሄዱ። ጠዋት ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ቆመው ሲያሸበሽቡ እንዳደሩ ሁላችንም እናውቃለን። «እንኳን አደረሰዎ» ብለን ተሳለምናቸው። በረከት ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። እንዴት ብለህ ነው «ተኝተዋል ወይ?» የምትለው? ማኅሌት የቆመን ሽማግሌ ድካሙን መጠየቅ እኛ አገር ነውር ነው። የእሳቸውን እንቅልፍ የሚጠይቅ ሰው አልነበረንም፤ ጠያቂው እሳቸው ነበሩና።

ያ ዓመት ምርት የጠፋበት ነበር፤ ሕዝቡ ይጠብቃል። ጎማው እንደተሠራ መመላለስ ጀመርን። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ጋሽ ደምሴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳ በአፋቸው አያዞሩም። ቀትር ላይ ረዳት አብራሪው ውኃ ሊሰጣቸው ሲል በእጃቸው መለሱት። ደኅና ነበሩ። እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ይጫወቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስማዳ ስንወርድ እኔ ከኋላ ከጭነቱ ጋር ነበርሁ፤ በጆሮ ማዳመጫው እሰማለሁ። ካፒቴኑ «ነዳጅ?» አለ። ጋሽ ደምሴ «ተቀይሯል» አሉ። ድምፃቸው የሁልጊዜው ድምፅ ነው።

አልተቀየረም ነበር። ረዳት አብራሪው ኋላ አልቅሶ ነገረኝ፤ ዞር ብሎ አይቷቸው ነበር፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። «እንግዲህ ጋሽ ደምሴን ‹አሳዩኝ› ልበላቸው? ቅድም አዙረውት ይሆናል አልሁ» አለኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልላቸውም ነበር። ማናችንም አንልም።

ሜዳው ጫፍ ላይ ልንደርስ ስንል የግራው ሞተር ጋኑ ደርቆበት አስነጠሰና ዝም አለ። ክንፉ ወደ ግራ ወረደ። ካፒቴኑ ታግሎ መሬት አስነካው፣ ግን ከጠጠሩ ወጥቶ ወዛደሮቹ ወደሚጠብቁበት ዳር ሄደ። ሁሉም ሮጡ። ስጦታው የሚባል አንድ የእስቴ ሰው ብቻ አልሮጠም። የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ አባወራ ነበር፤ ቀድሞ የተራገፈው እህል ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። በዚያ ቀን ከሁላችን የመተኛት መብት የነበረው እሱ ነበር። እሱ ሞተ።

ጋሽ ደምሴ ከአውሮፕላኑ ወርደው ሬሳው አጠገብ ቆሙ። ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱት። መርማሪዎች መጡ፤ ወረቀት ጻፉ፤ የመካኒኩ ጥፋት ነው ተባለ። ጥፋቱስ የእሳቸው ነበር። ግን ማን ምን ያህል እንደተኛ የጠየቀ መርማሪ አልነበረም፤ እነሱም ለማኅሌት ክብር ነበራቸው መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ከሥራ ወጥተው ቤተ ልሔም ገቡ።

በማግሥቱ ዓመት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማኅሌት መግባት ትተዋል። እስቴ ድረስ ሄደው የስጦታው ቤተሰብ እግር ላይ እንደወደቁ ሰዎች ነግረውኛል፤ እሳቸው አላነሡትም። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጠዋት ብንጠይቅዎ ኖሮ አልተኛሁም ይሉን ነበር?»

«ደኅና ነኝ ነበር የምልህ» አሉኝ። «ውሸቴንም አይደለም። ያን ዕለት ከዕድሜዬ ሁሉ የነቃሁ መስሎኝ ነበር። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው መድከሙን የሚያውቅበትን ነው። እኔ ሞኙ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቃችሁ ኖርሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አፉን አትጠይቅ፣ አዱኛው። እጁን እይ። ማንም ይሁን።»

በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ አዞሩኝ። ቆላ ወርጄ በሙቀት ቀለጥሁ፤ ጠረፍ ሄጄ በወባ ተንቀጠቀጥሁ። አለቆቼን እዚህ አልዘረዝርም። ስለ ጭነት ክብደት እንጂ ስለ ሰው ዓይን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። እኔ ግን እጅ አይ ነበር። በዚህ የተነሣ ሰው አይወደኝም፤ ነገረኛ ይሉኛል፤ ነኝ።

ጡረታዬ ሲቃረብ እንደገና ወደ አገሬ መለሱኝ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ የወገዳ መንገድ ተቆርጧል፤ የስማዳ ሕዝብ የሚበላውን ጨርሷል። እህሉን ተረክበው አብረው እንዲበሩ ሕዝቡ ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ አቶ ተሾመ ነበሩ፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤት። አውሮፕላኑ ውስጥ ከእህሉ ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን ቦታ እኔ ራሴ ነኝ ያሳየኋቸው።

አብራሪው ካፒቴን ሰሎሞን ይባላል፤ እስቴ የተወለደ፣ ጎበዝ፣ ትሑት ልጅ ነው። ያሳደጉት አጎቱ ሞተውበት በዋዜማው እስቴ ወርዶ ነበር። ቀብሮ፣ ከለቅሶ ቤት ሳይተኛ አድሮ፣ ጠዋት በመኪና ንፋስ መውጫ ደረሰ። ደግ አለቃ ቢኖረው «እረፍ» ይለው ነበር። አስተባባሪያችን ግን በሬዲዮ «ሕዝቡ አልቋል፤ ቶሎ ተነሡ» ይላል። ልጁም፣ «ሐዘኔ ሕዝብ አያስርብም፤ እበራለሁ» አለ። ይህን ሲል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሐዘንተኛን ምን ትለዋለህ?

ካፒቴን ሰሎሞን ከመብረሩ በፊት አውሮፕላኑን ሲዞር ሁሉንም በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው። ያን ጠዋት እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። «ደኅና፣ ደኅና» እያለ ይዞራል። ሞተር ሲቆም አቧራ እንዳይገባበት አፉ ላይ የምንሸፍነው ቀይ ጨርቅ አለ። የግራው አልተነሣም ነበር። ሰሎሞን ከሥሩ መጣ፣ ቀና ብሎ አየው፣ «ደኅና» ብሎ አለፈ።

እየተከተልሁ፣ «ካፒቴን፣ የግራው ሽፋን ተነሥቷል?» አልሁት።

«ተነሥቷል» አለኝ። ጨርቁ ከራሱ በላይ በነፋስ ይርገበገባል።

በጣቴ አሳየሁት። አየና ሳቀ። ሳቁ ረዘመብኝ። «አንተ ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር፣ ጋሽ አዱኛው» አለኝ። «ተኝተሃል?» አልሁት። «ደኅና ነኝ። እንዲያውም ሰውነቴ ቀሎኛል» አለ። የቤተ ልሔሙ ድንጋይ ታወሰኝ።

ወደ ውስጥ ገብቼ መረቡን መፍታት ጀመርሁ። ያልታሰረ ጭነት ይዞ የሚነሣ የለም። አስተባባሪው በመኪና ከተፍ አለ፤ አንተ ማን ሆነህ ነው የምታስቆም፣ ሽፋኑን አንሥቶ መሄድ ነው እንጂ፣ ትባረራለህ፣ የማይለው የለም። ትክክል ነው፤ ሽፋኑ ይነሣል። ቀጥሎ የሚረሳውን ግን ማን ያነሣዋል? ረዳት አብራሪዋ ወጣት ልጅ ናት። መጣችና የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዛ ፈታችልኝ። እጇን አይቼ አልረሳሁላትም።

አቶ ተሾመ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው፣ «አዱኛው፣ ያገርህ ሰው ነው እኮ የሚራበው። ቤቴ ውስጥ የደከመች አሮጊት ትቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኋቸውና መፍታቴን ቀጠልሁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያውቃሉ። ደመና፣ ጭቃ፣ መዘግየት፣ ቀብር። እኔም ከበረራ ተነሥቼ ጡረታዬ እስኪደርስ መጋዘን ጠባቂ ሆንሁ። ያ አውሮፕላን ቢነሣ ኖሮ ይወድቅ ነበር ብዬ አልምልም። በሰላም ሊደርስ ይችል ነበር። ስላልተነሣ ማንም አያውቅም፤ እኔም ለራሴ የማቀርበው ምስክር የለኝም።

እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር ግን አለ። አቶ ተሾመ አልነገሩዎትም መሰለኝ፤ ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። አሁን እሳቸውም የሉም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርዎ።

አስተባባሪው እየተሳደበ ወደ ሬዲዮው ሲሄድ ካፒቴን ሰሎሞን ከክንፉ ሥር፣ ከጎማው አጠገብ ተቀመጠ። ተቆጥቶብኝ ነበር፤ ሊናገረኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ሳይናገር ጭንቅላቱ ጎማው ላይ ዘመመ። ጫማውን አላወለቀም፣ ኮፍያው ወደቀ፣ አላነሣውም። ወዛደሮቹ ይንጫጫሉ፣ መኪና ይገባል ይወጣል፣ ዝንብ ፊቱ ላይ ይሄዳል፤ እሱ የለም።

ባለቤትዎ ሊጣሉኝ እየመጡ ነበር። ልጁን ሲያዩ ቆሙ።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ተኛ» አልኋቸው።

ቆመው ረዥም ጊዜ አዩት። «ይኸ ሰው ነበር እኔን ይዞ ሊበር?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ አልተጣሉኝም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አንዱን ጫፍ ከጎማው ብረት ላይ አሰሩ፤ ሌላውን በእጃቸው ወጥረው ፀሐዩ ልጁ ፊት ላይ እንዳያርፍ አድርገው ተቀመጡ። ፀሐዩ ሲዞር እሳቸውም አብረው ይዞራሉ። ቁርስም ምሳም እንዳልበሉ አውቃለሁ። አመሻሹ ላይ አስተባባሪው ተመልሶ ልጁን ሊቀሰቅስ ሲል ነጻ እጃቸውን ዘርግተው አገዱት።

«ተወው» አሉት። «ይተኛ።»